የባትሪ ድካም መዝገብ፦ ለሕግም ለዋስትናም የሚበቃ ክትትል ከዜሮ እስከ መጨረሻ

የኤሌክትሪክ መኪና ገበያ ላይ በብዛት የሚሰማው ነገር «ባትሪው 95 በመቶ ነው» የሚለው ነው። ማን ለካው? መቼ? በምን መሣሪያ? እዚህ ላይ ወሬው ይቆማል። ሻጩ ስልኩ ላይ አንድ ስክሪንሹት ያሳያል፣ ደላላው ይምላል፣ ገዢው ራሱን ይነቀንቃል። ከመኪናው ዋጋ ትልቁን ድርሻ የያዘው ዕቃ እንዲህ በቃል ብቻ ይሸጣል።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገባ ስለተከለከለ፣ ይህ ጉዳይ የጥቂት ሰዎች መሆኑ ቀርቷል። በአውሮፓ ታክሲ የሚነዱና ዕቃ የሚያደርሱ ወገኖቻችንም ጋ እንዲሁ ነው። እነሱ ያሉበት አገር ደግሞ ባትሪ በስንት ዓመት ስንት በመቶ ሊደክም እንደሚችል በሕግ ተጽፏል። ስለዚህ ይህ መመሪያ አንድ ነገር ላይ ያተኩራል፦ ለኩባንያም፣ ለገዢም፣ ለተቆጣጣሪም ቢቀርብ የሚያከራክር ቀዳዳ የሌለው መዝገብ እንዴት እንደሚያዝ። አንድ ቁጥር ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃ የሚሆነው በአንድ ዓይነት መንገድ፣ በተለያየ ጊዜ፣ ደጋግሞ የተለካ ቁጥር ነው።

የሕጎቹን ቀንና ዓመት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ምክንያቱን መዝገቡ ጋ ስንደርስ ያዩታል።

መጀመሪያ፦ ሕጉ ከማን ምን ይጠይቃል?

ሦስት ነገሮችን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ያደባልቃቸዋል።

አንደኛው የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንቦች ፎረም በማርች 2022 ያጸደቀው ዓለም አቀፍ የቴክኒክ ደንብ ቁጥር 22 ነው። ለቤት መኪና ያስቀመጠው ወለል ይህ ነው፦ እስከ 5 ዓመት ወይም 100,000 ኪሎሜትር ድረስ ባትሪው ከተመሰከረለት ኃይል ቢያንስ 80 በመቶውን መያዝ አለበት። ከዚያ እስከ 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎሜትር ደግሞ ቢያንስ 70 በመቶ። ከዓመቱና ከኪሎሜትሩ ቀድሞ የደረሰው ነው የሚቆጠረው። የአውሮፓ ኅብረት ዩሮ 7 የተባለው ሕግ ይህንኑ ወስዶ ሁለተኛውን ወለል ለቤት መኪና ወደ 72 በመቶ ከፍ አድርጎታል። ለቀላል የጭነት መኪና 75 እና 67 በመቶ ነው። ዩሮ 7 ለአዲስ የቤት መኪናና ለቀላል ጭነት ሞዴሎች ከኖቬምበር 29 ቀን 2026፣ ለሚሸጡት አዳዲስ መኪናዎች በሙሉ ደግሞ ከአንድ ዓመት በኋላ ይጀምራል።

እዚህ ላይ ልብ ማለት ያለብዎት ነገር አለ። ይህ ደንብ የሚፈትነው የእርስዎን አንድ መኪና ለብቻው አይደለም። መጀመሪያ በመኪናው ውስጥ ያለው የባትሪ ጤንነት መቆጣጠሪያ እውነቱን መናገሩ በጥቂት መኪናዎች ላይ ተለክቶ ይጣራል። ከዚያ ቢያንስ የ500 መኪናዎች ንባብ ይሰበሰባል፤ ከነዚህ 90 በመቶዎቹ ከወለሉ በላይ ከሆኑ ሞዴሉ አለፈ ይባላል። ስለዚህ የእርስዎ መኪና ከደከሙት ጥቂቶች አንዷ ብትሆን፣ ኩባንያው ሕጉን አሟልቶ እርስዎ ግን ተጎድተው ሊገኙ ይችላሉ። ለዚያ ጊዜ ያለዎት መከላከያ ዋስትናው ነው።

ሁለተኛው እሱ ነው፦ የዋስትና ውል። በብዛት የሚታየው 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎሜትር፣ 70 በመቶ የሚለው ነው። ይህ በእርስዎና በሻጩ ኩባንያ መካከል ያለ ውል ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ መኪናው በተሸጠበት አገር ብቻ ነው የሚሠራው። ለቻይና ገበያ ተሠርቶ በሦስተኛ አገር በኩል አዲስ አበባ የገባ መኪና፣ ወረቀቱ ላይ 8 ዓመት ስለተባለ ብቻ ዋስትና አለው ብሎ ማሰብ አያዋጣም። መኪናውን ያስመጣው ድርጅት በራሱ ስም የሰጠው የጽሑፍ ዋስትና ካለ እሱን ይያዙ።

ሦስተኛው የአውሮፓ ኅብረት የባትሪ ሕግ ነው፤ ቁጥሩ 2023/1542። ለተራ ሰው ከሁሉም የሚጠቅመው ይህ ይመስለኛል። ከኦገስት 18 ቀን 2024 ጀምሮ የኤሌክትሪክ መኪና፣ የኤሌክትሪክ ብስክሌትና ስኩተር፣ እንዲሁም በቋሚነት የተተከሉ የኃይል ማጠራቀሚያ ባትሪዎች የመቆጣጠሪያ ሥርዓታቸው ውስጥ ጤንነታቸውንና ቀሪ ዕድሜያቸውን የሚያሳይ ወቅታዊ መረጃ መያዝ አለባቸው። ባትሪውን በሕጋዊ መንገድ የገዛ ሰው፣ ወይም እሱ የወከለው ሌላ አካል፣ ያንን መረጃ የማንበብ መብት አለው። መቀየር አይችልም፣ ማንበብ ግን ይችላል። ከፌብሩዋሪ 18 ቀን 2027 ጀምሮ ደግሞ ለመኪና፣ ለብስክሌትና ስኩተር፣ እንዲሁም ከ2 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ለሆኑ የኢንዱስትሪ ባትሪዎች የባትሪ ዲጂታል ፓስፖርት ግዴታ ይሆናል።

ይህ ሕግ ኢትዮጵያ ውስጥ አይሠራም። ግን መዝገቡ ውስጥ ምን ምን መግባት እንዳለበት አስቦ ዘርዝሯል። እኛም ከዚያ እንነሳለን።

የትኛውን ቁጥር ነው የምንከታተለው?

ዳሽቦርዱ ላይ «320 ኪሎሜትር ቀርቷል» የሚለውን ይርሱት። እሱ ግምት ነው። ትናንት ወደ እንጦጦ ሽቅብ ከነዱ ዛሬ ይቀንሳል፣ ቁልቁል ከወረዱ ይጨምራል። ሲገዙ የተነገረዎትን ርቀትም መነሻ አያድርጉት። በተለይ ለቻይና ገበያ የሚሠሩ መኪናዎች የሚለኩበት ሲ.ኤል.ቲ.ሲ. የተባለው ዘዴ፣ አውሮፓ ከምትጠቀምበት ደብልዩ.ኤል.ቲ.ፒ. ይልቅ ርቀቱን አብዝቶ ያሳያል። አዲስ መኪና ገዝቶ «ባትሪው ገና ከመጀመሪያው ደክሟል» ብሎ የሚጨነቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ የተነሳ ነው።

የምንከታተለው ዋና ቁጥር ባትሪው አሁን ሊይዝ የሚችለው ኃይል በኪሎዋት ሰዓት ነው። እሱን አዲስ ሳለ ይይዝ ለነበረው አካፍለን በ100 ስናባዛ የባትሪ ጤንነት እናገኛለን። ከሱ ጎን ሦስት ረዳት ቁጥሮች ይያዛሉ፦ የከፍተኛውና የዝቅተኛው ሴል (ትልቁ ባትሪ ከተገነባባቸው ትንንሽ ባትሪዎች አንዱ) ቮልቴጅ ልዩነት፣ የባትሪው ሙቀት፣ እና እስካሁን የገባው ጠቅላላ ኃይል።

ሴሎቹን ማየት ለምን አስፈለገ? ባትሪ የሚቆመው በደካማው ሴል ነው። ከመቶ ሴሎች 99ኙ ደህና ሆነው አንዱ ቀድሞ ባዶ ከሆነ መኪናው እዚያ ላይ ይቆማል። አማካይ መቶኛው ግን ይህን ደብቆ ሊያሳልፈው ይችላል።

የመስመር ወይም የባር ምልክት ያላቸው መኪናዎች ላይ ደግሞ ጠንቀቅ ይበሉ። የመጀመሪያው ኒሳን ሊፍ 12 የጤንነት ባሮች አሉት። የመጀመሪያው ባር የሚጠፋው ባትሪው 15 በመቶ ገደማ ከደከመ በኋላ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያሉት እያንዳንዳቸው ወደ 6 በመቶ ገደማ ይወክላሉ። ስለዚህ «12ቱም ባር አለ» ማለት «አዲስ ነው» ማለት አይደለም።

ምን ያስፈልግዎታል?

ብዙ ወጪ የለውም። ከመሪው ሥር ባለው የምርመራ ሶኬት ላይ የሚሰካ ብሉቱዝ ያለው ኦ.ቢ.ዲ. ዶንግል፤ የመኪናውን መረጃ ወደ ስልክ የሚያስተላልፍ ትንሽ መሣሪያ ነው። ስልክ ላይ የሚጫን አፕ፤ ካር ስካነር ብዙ ሞዴሎችን ያነባል፣ ለኒሳን ሊፍ ደግሞ ሊፍ ስፓይ አለ። አፑ የእርስዎን ሞዴል የባትሪ መረጃ ማንበቡን ዶንግሉን ሳይገዙ በፊት ያጣሩ። በርካሽ ዶንግል የሚጀምር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ግንኙነቱ እየተቋረጠበት ይሰለቻል፤ ትንሽ ጨምሮ ደህናውን መግዛት ይሻላል።

ሁለተኛው ነገር ለቻርጀሩ ብቻ የሚሆን ንዑስ ቆጣሪ ነው። የቤቱን ዋና ቆጣሪ ከተጠቀሙ ልኬቱ ዋጋ አይኖረውም። መኪናው 7 ኪሎዋት እየሳበ ሳለ ጓዳ ውስጥ የእንጀራ ምጣድ ቢለኮስ ሌላ 3 ኪሎዋት ይጨመራል፤ እርስዎ ግን ሁሉም ባትሪው ውስጥ የገባ ይመስልዎታል። ኤሌክትሪሺያን ጠርተው ከቻርጀሩ በፊት አንዲት ዲጂታል ቆጣሪ ያስገጥሙ። አንዳንድ ቻርጀሮች ራሳቸው ይቆጥራሉ፤ ያም ይሆናል፣ ሁልጊዜ ያንኑ እስከተጠቀሙ ድረስ።

የባትሪዎን ዓይነት ይወቁ፤ ልኬቱ ይለያያል

ይህን የማይጠቅስ መመሪያ ብዙ ነው፤ ለዚህ ነው ትንሽ የምቆይበት።

በገበያው ሁለት ትልልቅ ዓይነቶች አሉ። ኤን.ኤም.ሲ. የሚባለው ኒኬል፣ ማንጋኒዝና ኮባልት ያለው ነው። ኤል.ኤፍ.ፒ. የሚባለው ብረትና ፎስፌት ያለው ነው። የቢ.ዋይ.ዲ. ብሌድ ባትሪ ኤል.ኤፍ.ፒ. ነው። የኤን.ኤም.ሲ. ቮልቴጅ ባትሪው ሲሞላና ሲጎድል አብሮ በደንብ ይወጣል ይወርዳል። ስለዚህ መኪናው ቮልቴጁን አይቶ ስንት በመቶ ላይ እንዳለ በቀላሉ ያውቃል። የኤል.ኤፍ.ፒ. ቮልቴጅ ግን ከ20 እስከ 80 በመቶ ባለው መካከል ሜዳ ነው፤ እምብዛም አይንቀሳቀስም። መኪናው እዚያ ውስጥ ያለውን መጠን የሚያውቀው የገባውንና የወጣውን እየቆጠረ ነው። ቆጠራው ደግሞ ቀስ በቀስ ይሳሳታል። ልክ የሚሆነው ባትሪው 100 በመቶ ሲሞላ ነው። የኤል.ኤፍ.ፒ. መኪና አምራቾች በየጊዜው እስከ 100 በመቶ ሙሉ የሚሉት ለዚህ ነው።

ከዚህ የሚወጣው ሕግ አጭር ነው። ኤን.ኤም.ሲ. ከሆነ ሰፊ ክፍል፣ ለምሳሌ ከ10 እስከ 90 በመቶ፣ መለካት ይበቃል። ኤል.ኤፍ.ፒ. ከሆነ ከዝቅተኛው ተነስቶ እስከ 100 በመቶ፣ ቻርጀሩ ራሱ እስኪያቆም ድረስ መለካት የግድ ነው። ኤል.ኤፍ.ፒ.ን ከ30 እስከ 70 በመቶ ለክቶ «ባትሪዬ 88 ሆነ» ማለት በመኪናው የተሳሳተ ቆጠራ ላይ ሌላ ስሌት መደርደር ነው።

ልኬቱ፣ አንድ በአንድ

1. ከልኬቱ በፊት ባሉት ቀናት አንዴ እስከ 100 በመቶ ይሙሉ፤ በተለይ ኤል.ኤፍ.ፒ. ከሆነ። ቆጠራው እንዲስተካከል ነው።

2. መኪናውን እየነዱ ወደ 10–15 በመቶ ያውርዱት። ዜሮ ማድረስ አያስፈልግም፣ ለባትሪውም ጥሩ አይደለም።

3. ባትሪው በ20 እና በ30 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል ሳለ ይጀምሩ። አዲስ አበባ ላይ ሌሊቱን ደጅ ያደረ መኪና ጠዋት በጣም ይቀዘቅዛል፤ ቀዝቃዛ ባትሪ ደግሞ አቅሙን አሳንሶ ያሳያል። ከሰዓት በኋላ ነድተው ሲመለሱ መለካት ይሻላል። ዱባይ ወይም ዶሃ ያላችሁ በተቃራኒው ማታ ሲቀዘቅዝ ጠብቁ።

4. ግማሽ ሰዓት ያህል ቆሞ ይረፍ። ከዚያ ከአፑ ላይ የቻርጅ መጠኑን፣ የሁሉንም ሴሎች ቮልቴጅና ሙቀቱን ያንብቡ። ስክሪንሹት ያንሱ። የዳሽቦርዱ መቶኛና የባትሪው መቆጣጠሪያ መቶኛ እኩል ላይሆኑ ይችላሉ፤ አምራቹ ከላይና ከታች መጠባበቂያ ስለሚያስቀር። የመቆጣጠሪያውን ይውሰዱ፣ ሁልጊዜም እሱኑ።

5. የኦዶሜትሩን (የኪሎሜትር ቆጣሪውን) እና የንዑስ ቆጣሪውን ፎቶ ያንሱ።

6. በዝግታ፣ በኤ.ሲ. (በቤት መብራት በሚሠራ) ቻርጀር ይሙሉ። በፈጣን ጣቢያ አይለኩ፤ እዚያ ባትሪውን ለማቀዝቀዝና ለማሞቅ የሚሄደው ኃይል ሂሳቡን ያበላሸዋል። ቻርጅ ላይ እያለ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ ማቀዝቀዣና ሬዲዮ መክፈት አይቻልም።

7. ቻርጀሩ ካቆመ በኋላ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ፤ ከዚያ ያንኑ ሁሉ እንደገና ያንብቡና ፎቶ ያንሱ።

መብራት መሀል ላይ ከጠፋስ? ለአጭር ጊዜ ከሆነ ሰዓቱን ጽፈው ይቀጥሉ። ሌሊቱን ሙሉ ከጠፋ ያንን ልኬት ይተዉትና ሌላ ቀን ይድገሙት። የተቋረጠውን በግምት ሞልቶ መመዝገብ ቀሪዎቹን ልኬቶች ሁሉ ጥርጣሬ ውስጥ ይከታል።

ስሌቱ

በምሳሌ እንየው። መኪናዋ አዲስ ሳለች መጠቀም የሚቻለው አቅሟ 60 ኪሎዋት ሰዓት ነው እንበል። ባትሪው በ12 በመቶ ጀምሮ 100 ሞላ፤ የሞላው ክፍል 88 በመቶ ነው። አፑ ላይ ባትሪው ውስጥ የገባው ኃይል 48.4 ኪሎዋት ሰዓት ይላል። 48.4ን ለ0.88 ያካፍሉ፦ 55 ይመጣል። 55ን ለ60 ያካፍሉ፦ 91.7 በመቶ። ይኸው ነው።

የእርስዎ መኪና ወደ ባትሪው የገባውን ኃይል ለአፑ የማይናገር ከሆነ ንዑስ ቆጣሪው ይተካል። ግን ከግድግዳው የወጣው ሁሉ ባትሪው ውስጥ አይገባም፤ ከፊሉ በሙቀት ይጠፋል። የጠፋው ስንት እንደሆነ ከመገመት ይልቅ እንዲህ ያድርጉ። በመጀመሪያው ልኬት ለአንድ በመቶ ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሄደ ይያዙ፤ 0.66 ነበር እንበል። ዛሬ 0.61 ከሆነ፣ 0.61ን ለ0.66 ሲያካፍሉ 92.4 በመቶ ያገኛሉ። ይህ ከመጀመሪያው ልኬትዎ አንጻር ያለ ቁጥር ነው፤ ከፋብሪካው አንጻር አይደለም። መዝገቡ ላይ ይህን በግልጽ ይጻፉት። ቻርጀሩን ወይም ቦታውን የቀየሩ ዕለት ደግሞ ንጽጽሩ ይፈርሳል፤ አዲስ መነሻ መያዝ አለብዎት።

መነሻውን ካነሳን፦ የመጀመሪያው ልኬት መኪናው እጅዎ በገባ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መሆን አለበት። ያገለገለ መኪናም ቢሆን። መነሻ የሌለው መዝገብ ይዞ ኩባንያ ጋ የሄደ ሰው የሚሰማው የመጀመሪያ ጥያቄ «ሲረከቡት ስንት ነበር?» የሚለው ነው።

መዝገቡ ራሱ

ኤክሴል ወይም ደብተር፣ ሁለቱም ያገለግላሉ። አንድ ልኬት አንድ መስመር። የአንድ መስመር ናሙና ይኸው፦

ኦክቶበር 15 ቀን 2024 (ጥቅምት 5/2017 ዓ.ም.)፣ 16:40 በ24 ሰዓት አቆጣጠር። ኦዶሜትር 41,260 ኪ.ሜ.። የባትሪ ሙቀት 24 ዲግሪ። ከ12 ወደ 100 በመቶ። የገባ ኃይል 48.4። ንዑስ ቆጣሪ 53.9። ከፍተኛ ሴል 3.412 ቮልት፣ ዝቅተኛ ሴል 3.398 ቮልት፣ በ100 በመቶ፣ ካረፈ በኋላ። የመኪናው ሶፍትዌር ስሪት ቁጥር። የለካው ሰው ስም። የፎቶ ፋይሎች ቁጥር። ማስታወሻ፦ የለም።

ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር መጻፉ ትርፍ ሥራ ሊመስል ይችላል። አይደለም። «5/2/2017» ብለው ጽፈው ለውጭ አገር አምራች ቢልኩት፣ እዚያ ያለው ሰው ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2017 ብሎ ያነበዋል፤ መኪናዋ ገና ያልተሠራችበት ቀን ሊሆን ይችላል። ያኔ ሙሉው መዝገብ የተጭበረበረ ይመስላል። ሰዓቱም እንዲሁ። እኛ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» ስንል ስክሪንሹቱ 08:00 ይላል። የዋስትናው ዘመን የሚቆጠረውም በአውሮፓውያን ቀን ነው።

የሶፍትዌር ስሪቱ ለምን ገባ? አምራቹ በዝማኔ የመጠባበቂያውን መጠን ወይም የጤንነት ስሌቱን ሊቀይር ይችላል። ቁጥሩ በአንድ ሌሊት 3 በመቶ ቢወጣ ወይም ቢወርድ፣ ባትሪው ተለወጠ ወይስ ስሌቱ? ስሪቱ ካልተጻፈ መልስ የለም። ከእያንዳንዱ ዝማኔ በፊትና በኋላ አንድ አንድ ልኬት መያዝ በጣም ይጠቅማል።

ዋናዎቹን ፎቶዎችና የአፑን ፋይሎች አይቁረጡ፣ አያስተካክሉ፣ ቀለም አይጨምሩባቸው። እንዳሉ ለራስዎ በኢሜይል ይላኩ፤ የተላከበት ቀን አብሮ ይቀመጣል። ኤክሴሉ ላይ የተሳሳተ ቁጥር ካገኙ አጥፍተው አይተኩ። ከጎኑ «ታርሟል፣ ምክንያቱም…» ብለው ይጻፉ። ተቆጣጣሪ የሚያምነው የታረመው የሚታይበትን መዝገብ ነው።

ስንት ጊዜ ይለካ? ለግል መኪና በየሦስት ወሩ ይበቃል። ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ታክሲ በየ10,000 ኪሎሜትሩ ወይም በየሁለት ወሩ፣ ቀድሞ የደረሰው። በየሳምንቱ መለካት አያስፈልግም፤ በልኬት ስህተቱ ውስጥ እየዋለሉ መጨነቅ ብቻ ነው ትርፉ።

ባትሪውን የሚጎዱ ክስተቶችም ይመዝገቡ

የአውሮፓው ሕግ ለብስክሌትና ስኩተር እንዲሁም በቋሚነት ለተተከሉ ባትሪዎች ከአቅም ሌላ እንዲከታተሉ የሚያዘው ይህንን ነው፦ የተመረተበትና ሥራ የጀመረበት ቀን፣ በባትሪው ያለፈው ጠቅላላ ኃይል፣ ሙሉ የቻርጅ ዙሮች ብዛት፣ እስከ ታች የተሟጠጠበት ጊዜ፣ በከባድ ሙቀት ወይም ብርድ የቆየበት ጊዜ፣ በዚያ ሙቀትም ቻርጅ የተደረገበት ጊዜ። እርስዎ ሁሉንም መለካት አይችሉም። ግን ሁለተኛ ገጽ ከፍተው በቀላሉ መያዝ ይችላሉ፦ ከ5 በመቶ በታች የወረደበት ቀን፣ በወር ስንት ጊዜ በፈጣን ጣቢያ እንደተሞላ፣ ለረጅም ቀን 100 በመቶ ሞልቶ የቆመበት ጊዜ፣ ወደ ሰመራ ወይም ወደ ድሬዳዋ የተሄደበት ሳምንት።

ሙቀት ቀልድ አይደለም። በ2012 አሪዞና ፊኒክስ ውስጥ የኒሳን ሊፍ ባለቤቶች ባሮቻቸው ከተጠበቀው ቀድመው መጥፋታቸውን ማስተዋል ጀመሩ። መኪናው ባትሪውን በፈሳሽ የሚያቀዘቅዝ ሥርዓት አልነበረውም። ባለቤቶቹ ንባባቸውን አሰባስበው ተከራከሩ፤ ነገሩም ፍርድ ቤት ደረሰ። ኒሳን በ2013 በአሜሪካ የባትሪ አቅም ዋስትና አመጣ፤ ከዚያ በፊት ዋስትናው የአቅም መቀነስን አይሸፍንም ነበር። ዛሬ እንደ ተራ ነገር የምናየው የመቶኛ ዋስትና ከመጣባቸው መንገዶች አንዱ የእነዚያ ሰዎች መዝገብ ነው።

የአዲስ አበባ አየር በዚህ በኩል ለባትሪ ተስማሚ ነው። ያው መኪና አዲስ አበባና ጅቡቲ መንገድ ላይ አንድ ዓይነት አያረጅም። ስለዚህ የሌላ ሰው ቁጥር ከእርስዎ ጋር ሲነጻጸር መኪናው የት እንደኖረ አብሮ መጠየቅ አለበት።

ቁጥሮቹን ማንበብ

አራት አምስት ልኬት ሲሞላ ግራፍ ይሥሩ። አግድሙ ኪሎሜትር፣ ቁመቱ የባትሪ ጤንነት። ሌላ ግራፍ በጊዜ ይሥሩ፤ ባትሪ ሳይነዳም ያረጃልና። ከዚያ ሁለት አግድም መስመር ይሳሉ፦ 80 እና 70።

የመጀመሪያው ዓመት መውረድ አያስደንግጥዎ። ሊቲየም ባትሪ መጀመሪያ ላይ ፈጠን ብሎ ይወርዳል፣ ከዚያ ይረጋጋል። ምክንያቱ ውስጥ ባለው አሉታዊ ኤሌክትሮድ ላይ የሚፈጠር ስስ ሽፋን ነው፤ ሽፋኑ ሲሠራ ሊቲየም ይበላል፣ እየወፈረ ሲሄድ ግን ራሱን ያዘገያል። በዓመቱ 95 የሆነ ባትሪ በሁለተኛው 90 ይሆናል ማለት አይደለም። በምሳሌ፦ 95 በአንደኛው ዓመት፣ 93.2 በሁለተኛው፣ 91.5 በሦስተኛው። ትንበያ ሲሠሩ የመጀመሪያውን ዓመት ይተዉትና የኋለኞቹን ይጠቀሙ። እዚህ ላይ በዓመት ወደ 1.75 ነጥብ ገደማ ይወርዳል። በዚሁ ከቀጠለ በስምንተኛው ዓመት ወደ 83 ገደማ ይሆናል፤ ከወለሉ በላይ ነው።

ነጠላ ልኬት ላይ ተመሥርተው አይወስኑ። የቤት ልኬት ሁለት ሦስት ነጥብ ወዲያ ወዲህ ማለቱ የተለመደ ነው። ደንብ ቁጥር 22 እንኳ ለመኪናው ውስጥ መቆጣጠሪያ የ5 ነጥብ መቻቻል ይሰጣል። በሌላ በኩል ሦስት ምልክቶችን ካዩ ቸል አይበሉ። አንደኛ፣ ለተከታታይ ሁለት ልኬት ከ3 ነጥብ በላይ መውረድ። ሁለተኛ፣ የሴሎች ልዩነት በተመሳሳይ የቻርጅ መጠንና ሙቀት ከቀድሞው በግልጽ መስፋት፤ በተለይ ሁልጊዜ ያው ሴል ዝቅተኛ ሆኖ ከተገኘ። ሦስተኛ፣ ቀስ ብሎ ሲወርድ የነበረው መስመር ድንገት ቁልቁል መታጠፍ። ባትሪ ዕድሜው ሲገፋ እንዲህ ያለ መታጠፊያ ሊመጣ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ አወራረዱ ፈጣን ነው።

ሴሎችን ስታወዳድሩ ኤል.ኤፍ.ፒ. ያላችሁ አንድ ነገር አስታውሱ። ጫፍ ላይ፣ ቻርጁ ሊያልቅ ሲል፣ ቮልቴጁ በድንገት ስለሚያሻቅብ ልዩነቱ ትልቅ ሆኖ ይታያል። ካረፈ በኋላ ያለውን ብቻ አነጻጽሩ።

ቁጥሩ ወደ ወለሉ ሲጠጋ

ዋስትናው ከማለቁ አንድ ዓመት በፊት፣ ወይም 10,000 ኪሎሜትር ሲቀረው፣ መዝገቡን አውጥተው ይዩ። ጤንነቱ ከወለሉ በ5 ነጥብ ውስጥ ከሆነ አሁኑኑ ይንቀሳቀሱ። የዋስትና ቀን ካለፈ በኋላ የመጣ 69 በመቶ ምንም አያደርግልዎትም።

ለሻጩ ድርጅት ወይም ለአገልግሎት ማዕከሉ በጽሑፍ ያመልክቱ። በስልክ አይጨርሱ። ደብዳቤው ላይ የሻንሲ ቁጥሩን፣ የተረከቡበትን ቀን፣ የአሁኑን ኪሎሜትር፣ የልኬቶቹን ሰንጠረዥና ግራፉን ያያይዙ። «ባትሪው ሞቷል» ብለው አይጻፉ። «በዋስትናው አንቀጽ መሠረት የአቅም ልኬት እንዲደረግልኝና ውጤቱ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ» ይበሉ። የእርስዎ መዝገብ ወሳኙ ልኬት አይሆንም፤ ኩባንያው በራሱ ዘዴ ነው የሚለካው። መዝገቡ የሚያደርገው ያንን ልኬት እንዳይከለክሉዎት ማድረግ ነው። ውጤቱ ከእርስዎ በጣም ከራቀ ደግሞ በምን ሙቀት፣ ከስንት እስከ ስንት በመቶ እንደለኩ ለመጠየቅ መሠረት ይኖርዎታል።

የአገልግሎት ደረሰኞችዎን አብረው ያስቀምጡ። ብዙ ውሎች መደበኛ ሰርቪስ ያልተደረገለትን መኪና ከዋስትና ያወጣሉ። ባትሪውን መንገድ ዳር ጋራዥ ማስከፈት ደግሞ ዋስትናውን በአብዛኛው ያፈርሳል። ደህንነቱም ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚያ ውስጥ ያለው ቮልቴጅ ሰው ይገድላል።

አውሮፓ ያላችሁ፣ ባትሪው ከኦገስት 2024 በኋላ ገበያ ላይ የዋለ ከሆነ የጤንነት መረጃውን የማንበብ መብታችሁን ጥቀሱ። ማዕከሉ «መረጃው የኩባንያው ነው» ካለ በጽሑፍ እንዲመልስ ጠይቁ። በኤሌክትሪክ ብስክሌት ዕቃ የምታደርሱም ይህ መብት ይመለከታችኋል።

ብዙ መኪና ላላቸው

ድርጅት ከሆኑ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ልኬቱን ለእያንዳንዱ ሾፌር አይተዉ። አንድ ሰው፣ አንድ ቻርጀር፣ አንድ ዶንግል ይመድቡ። ሃያ ሾፌር በሃያ ስልክ የለካው ሰንጠረዥ ባትሪዎቹን ሳይሆን ሾፌሮቹን ነው የሚያነጻጽረው። መኪናው ሲሸጥ ወይም ባትሪው ወጥቶ ለሶላር ማጠራቀሚያ ሲውል መዝገቡ አብሮ ይሂድ፤ ኮፒው እርስዎ ጋ ይቅር። ቀጣዩ ባለቤት የመጀመሪያውን ልኬት የእርስዎ የመጨረሻ ልኬት በተወሰደበት ቻርጀር ላይ፣ ሁለታችሁም ባላችሁበት ቢወስድና ሁለታችሁም ብትፈርሙበት፣ ከርክክቡ በፊትና በኋላ ያለው ታሪክ ሳይበጠስ ይቀጥላል።